መዳፌና የአያ ፈንታ አንገት

በባዶ እጁ ሰው ገደለ ተብዬ ግማሽ ወር ያህል ኖሬያለሁ። ይህን ስላችሁ ትከሻዬን በሐሳባችሁ እየለካችሁ ከሆነ ተዉት። ያኔም ቢሆን እናቴ «ነፋስ ሲነሣ በሩን ዝጉልኝ፣ ልጄን እንዳይወስድብኝ» የምትልብኝ ከሲታ ነበርሁ። ጡንቻ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲያርስ ይውላል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። የሚያስፈራው የኔ ዓይነቱ ነው፤ ጉልበት ሳይኖረው ስለ ጉልበት ሲያወራ የሚውል።

ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ ባለው የፎገራ ሜዳ ማን ዱላ እንዴት እንደሚይዝ፣ ማን በግራ እንደሚመክት፣ ማን እግር የሚመታ መስሎ ራስ ላይ እንደሚያሳርፍ የማላውቀው አልነበረም። ስጠየቅም ሳልጠየቅም እናገር ነበር። ሰው ሽንብራውን ሲነቅል እኔ የነቀልኋትን አንዲት እፍኝ ይዤ ያምናውን ትግል እተርካለሁ። ራሴ የገጠምሁትን ሁሉ ግን ተሸንፌያለሁ። ይህ እውቀቴን አይቀንሰውም፤ ወጥ ቀምሶ ጨው አነሰው የሚል ሁሉ ወጥ መሥራት ይችላል እንዴ? እንዲህ እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

በዚህ ላይ ሲኒማ ተጨመረ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ዘመን አባቴ ከአጎቱ ልጆች ጋር በርስት ይካሰስ ነበር፤ በኛ አገር ርስት የሌለው ሊኖር ይችላል፣ በርስት ያልተካሰሰ ግን የለም። ነገሩ በይግባኝ ጎንደር ደረሰና አባቴ ስንቁን አሸክሞኝ ሄድን። ዳኛው አመማቸው፣ ቀጠሮ። መዝገቡ ጠፋ፣ ቀጠሮ። መዝገቡ ሲገኝ ጸሐፊው ጠፋ። አባቴ ችሎቱ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ሲውል እኔ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው አዳራሽ ሲኒማ አይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠቡ ሲጀመር ጋቢዬን አጣፍቼ ብድግ አልሁ፤ ልገላግል ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡት ጎትተው አስቀመጡኝ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ከኔ የማይወፍር ቀጭን ሰው ነው። ሰይፍና ዱላ የያዙ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ይከቡታል። እሱ ባዶ እጁን ነው። በመዳፉ ጠርዝ አንገት አንገታቸውን ይላቸዋል፣ ይጋደማሉ። ይህንኑ ሲኒማ ሰባት ጊዜ አየሁት። ሰባቱንም ጊዜ እነሱ ወደቁ።

እስቲ በሲኒማ ድብድብ ላይ ያለኝን አስተያየት ልናገር፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። አርባ ሁነው አንዱን ከከበቡ በኋላ ተራ ይጠብቃሉ። እንደ ጠበል ተጠማቂ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይገባል። በኛ አገር አርባ ሰው አንዱን ቢከብ እርስ በርሱ ተፈነካክቶ፣ መሐል ያለው ሰውዬ ሾልኮ ቤቱ ይገባል። ደግሞ ፉከራ የለም። ያለ ፉከራ ምን ጠብ አለ? እኛ ዘንድ ሰው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ይመጣል፣ መሬቱን ይደበድባል። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ከየማሳው ሮጦ እስኪደርስ ነው። አባቱ ረጅም ታሪክ ስላለው ብቻ ሳይገድል የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉ የቆረቆረኝ ግን አርባዎቹ ወንድም የሌላቸው መሆኑ ነው። ቀጭኑ ሰውዬ አርባ ሬሳ አጋድሞ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ሴትዮዋን ይዞ ይሄዳል። የት ይሄዳል? በኛ አገር አንድ ሰው የገደለ እንኳ ከሟች ወንድም፣ ከሟች አጎት ልጅ፣ ገና በሆድ ካለ የሟች ልጅ እየተሸሸገ ነው የሚኖረው። አርባ ገድሎማ ውኃ የሚቀዳበት ወንዝ አይኖረውም። ይህንን ለአዳራሹ ዘበኛ ባስረዳው «ወጥተህ አውራ» ብሎ በሩን አሳየኝ።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያቺ የመዳፍ ጠርዝ ልቤ ውስጥ ገባች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀጭኑ ሰውዬ እኔን ይመስላል። ርስቱ ሳይፈረድ ወደ አገራችን ቁሐር ሚካኤል ስንመለስ አባቴ ቀጠሮ ተሸክሞ፣ እኔ መዳፌን ይዤ ገባን። በመጀመሪያ ዱባ መታሁ፤ ዱባው ለሁለት ተከፈለ፤ በስሎ ፈርሶ እንደነበረ አልቆጠርሁትም። ቀጥሎ የበራችንን መቃን መታሁ። እናቴ «መቃኑ ምን በደለህ?» አለችኝ። እጄ አብጦ እንጀራ መቁረስ ሲያቅተኝ ጠነከረልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ወቅቱ ኅዳር ነበር። ክረምቱ ሜዳችንን አጥለቅልቆ ሲሸሽ ኩሬውን ሁሉ ትቶልን ይሄዳል፤ ከኩሬው ትንኝ ይነሣል፣ ከትንኙ ወባ። በዚያ ዓመት አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያልተኛበት ቤት አልነበረም።

ኅዳር ሚካኤል ነግሦ ታቦቱ ከገባ በኋላ ጎልማሳው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት የዱላ ጨዋታ ይጫወታል። የጨዋታው ጌታ አያ ፈንታ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ዱላቸው ወይራ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሲጫወቱ የሰው ደም አላፈሰሱም። ሊመቱህ ይችሉ ነበር፤ ጆሮህ ሥር አድርሰው ነካ አድርገው ይመልሱታል፤ አንተ ብቻ ታውቀዋለህ። በጨዋታው ሕግ ዱላው ከእጁ የወደቀበት ሰው ተሸንፏል። አሸናፊው ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ዱላ ያነሣና በሁለት እጁ ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ እጅ የሚያነሣ የለም።

ያን ቀን አያ ፈንታ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርበው መጡ። እኔ ኩራት መሰለኝ። ገጠምኋቸው፤ በሁለተኛው ሰንዘራ ዱላዬ ከእጄ ወጥቶ ሴቶቹ እግር ሥር ወደቀ። ሰው ሳቀ። እስካሁን ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ነው፣ መልመድ ነበረብኝ፤ ግን በዚያች ሰዓት ጎንደር ትዝ አለችኝ። አያ ፈንታ ዱላዬን አንሥተው በሁለት እጃቸው ይዘው «እንካ ልጄ» ብለው ሲዘረጉልኝ፣ ሁለት እጃቸው በኔው ዱላ እንደተያዘ፣ አንገታቸውን በመዳፌ ጠርዝ መታሁ።

ወደቁ። ከሁሉ የደነገጥሁት እኔ ነኝ፤ ከሁሉ ደስ ያለውም እኔ ነኝ፤ ያሳፍረኛል እንጂ እውነቱ ይህ ነው። አያ ፈንታ ትንሽ ቆይተው በጉልበታቸው ተነሡ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ፈገግ አሉና ዱላዬን እንደገና ዘረጉልኝ።

«እንካ፣ ዱላህን ገና አልተቀበልኸኝም እኮ» አሉ።

ቤታቸው ገቡ፣ ተኙ፣ አልተነሡም። ትኩሳት ነው ተባለ፣ ብርድ ብርድ ይላቸዋል ተባለ። ወዲያው ደግሞ «የዚያ ልጅ ምት ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዝም ማለት። ምን አደረግሁ? እጄን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወረታ ገበያ ወጣሁ። «ያቺ ናት?» ይሉኛል። «ናት» እላለሁ። «ጨርቁ ለምንድር ነው?» ይሉኛል። «ሳላስበው ሰው እንዳትነካብኝ» እላለሁ። በርበሬ ሻጮቹ ገለል እያሉ አሳለፉኝ። አንዱ የጨው ነጋዴ «በሙሉ ጉልበትህ ነው የመታሃቸው?» ቢለኝ፣ ሆዴን ነፋ አድርጌ «በሙሉ ጉልበቴ ብመታቸውማ ዛሬ ሰባታቸው ነበር» አልሁት። ይህን አፍ እግዜር እንደ ዱላዬ ለምን አላስጣለኝም እያልሁ እስካሁን አዝናለሁ።

አባቴ ወሬውን ሰምቶ ከማሳው መጣ። ሳይቆጣ ተቀመጠ፤ ሳይቆጣ ሲቀመጥ ነው የሚያስፈራው።

«አንተ ልጅ፣ ፈንታ ቢሞት ምን እንደሚሆን አስበኸዋል?» አለኝ።

«በወባ ነው እኮ የታመሙት።»

«ገበያ ላይ ምን አልህ? ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ተከሳሽም አንተው ሁነህ ጨረስኸው። ወንድሙ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች አሉት። አንተን ይገድላሉ። እኔ ዝም የምል ይመስልሃል? አንዱን እገድላለሁ። ቀጥሎ እኔን ነው። ከዚያ ያጎትህ ልጆች አሉ።» እንዲህ እያለ በጣቱ እስከ አምስት ቆጠረና ስድስተኛው ላይ አልቅሶ ተወው። አባቴ ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጨርቁን ከእጄ ፈትቼ እሳት ውስጥ ጣልሁት።

በሳምንቱ የአያ ፈንታ የነፍስ አባት አባ እንየው ወደ ቤታችን መጡ። «ያን ልጅ አምጡልኝ ብሏል» አሉ። አባቴ ወጥመድ እንዳይሆን ፈርቶ አብሮን መጣና ደጅ ቀረ።

አያ ፈንታ መደቡ ላይ ጋቢ በጋቢ፣ በላዩም ደበሎ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ወተት እንኳ አልቀምስም ብለዋል። ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ጉልበታቸው ሥር ወድቄ «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ይቅርታው ይደርሳል። እጅህን አሳየኝ» አሉ። አየት አደረጉትና «የት ተማርሃት?» አሉኝ።

«ጎንደር፣ ሲኒማ አይቼ።»

«ምን ያለ ነገር ነው እሱ?»

ነገርኋቸው። ቀጭኑን ሰውዬ፣ አርባዎቹን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «የወደቁትን ማን ቀበራቸው?» አሉ። እሱን እንዳላሳዩን ነገርኋቸው። «እንግዲያ ጨዋታው አላለቀማ» አሉ። ቀጥለው «እስቲ አመታትህን ድገመው» አሉኝ። አባ እንየው ዓይናቸውን አፈጠጡ። በአየር ላይ መታሁ። አያ ፈንታ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ በጣም ተናደዱ።

«እግርህ! ግራ እግርህን የት ትተኸው ነው የመጣኸው? እጅ ብቻውን ምን ይሠራል? ምት ከተረከዝ ይነሣል፣ በወገብ ያልፋል፣ እጅ መልእክተኛ ነው። ግራህን ወደ ፊት፤ እንደሱ፤ ጉልበትህን ላላ። አሁን ድገም።» ደገምሁ። «አሁንም!» ደገምሁ። «ይኸ ምት ነው» አሉ። «ያን ቀን እንዲህ ብትመታኝ ትጥለኝ ነበር።»

«ያን ቀን ታዲያ ምን ጣለዎት?»

«ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው። ዝንብ ቢያርፍብኝም እወድቅ ነበር።»

«አያ ፈንታ፣ ስለ ሚካኤል፣ ይኸንኑ ለሰው ይንገሩልኝ!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ዱላ ይዤ ኑሬ ትንኝ ገደለኝ ብዬ? አልቃሿ ምን ብላ ታልቅስልኝ? በትንኝ ግጥም ይገጠማል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ገባኝ። በሕይወቴ ላይ ተፈርዶ ሳለ፣ የዱላ ነገር የሚገባው ሰው ስለሆንሁ፣ ትክክል ናቸው ብዬ አሰብሁ። ያን ያህል ሞኝ ነበርሁ። «ውጣልኝ፣ ንስሐ ልገባ ነው» አሉኝ፤ ወጣሁ። ከአባቴ ጎን ቁጢጥ አልሁ። ፀሐይ ዘወር እስክትል ቆየን። ከዚያ ከውስጥ የሴቶች ጩኸት ተነሣ።

አባ እንየው መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። አባቴ እግራቸው ላይ ወድቆ «ምን አለ? ስለ ልጄ ምን አለ?» አላቸው። «ንስሐ ነው የሰማሁት። የተናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ እኔ ጆሮ የለኝም» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሄዱ። ያወቁትን ማወቃቸው ከዓይናቸው ይታይ ነበር፤ የሚናገሩበት አፍ ግን የላቸውም። እኔ የሰማሁትን ብናገር ደግሞ ማን ያምነኛል? ገዳይ ስለ ራሱ ካልዋሸ ማን ስለ ማን ይዋሽ?

በቀብሩ ላይ ሩቅ ቆመን ሰማን። አልቃሿ እጇን ዘርግታ እንዲህ አለች፤

«ዱላ ቢሆንማ መመከት ያውቅ ነበር፣
ባዶ እጅ ነው የጣለው ከሚካኤል በር።»

አገሩ አለቀሰ። ነገሩም አለቀ፤ ቤት የመታ ግጥም በምን ይግባኝ ይሻራል? የአያ ፈንታ ዘመዶች ጠመንጃቸውን ሽቅብ ተኮሱ። አባቴ እጄን ይዞ አስሮጠኝና ባዶ ጎተራ ውስጥ ከተተኝ። እናቴ «ጣራ ገዳም ይግባ፣ ይመንኩስ» አለች። አባቴ «ከሸሸ ገድሏል ማለት ነው» አለ። በጎተራው ቀዳዳ እየተመለከትሁ አምስት ቀን ከአይጦች ጋር ኖርሁ። አይጦቹ ፈሩኝ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዴ ላይ ነበር የሚያልፉት።

በሟች ሰባተኛ ቀን ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በወዲህ እኔና አባቴ። በወዲያ የሟች ታናሽ ወንድም አያ ዓለሙ፣ ከኋላቸው ሁለቱ ልጆቻቸው ጠመንጃ እንደያዙ። አያ ዓለሙ ዱላ የሚይዙት በሬ ለመንዳት ብቻ ነው። በዓመት ውስጥ የሚናገሩት ቃል በጣት ይቆጠራል ይባልላቸው ነበር።

የጨው ነጋዴው መጥቶ ያልሁትን ሁሉ መሰከረ፤ ሆዴን እንዴት እንደነፋሁ ሳይቀር። ውሸቴን ነው ብዬ ጮህሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ዝም አሰኙኝና «ባዶ እጅ ሰው ይገድላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይገድልም አባቴ። ሲኒማ ውሸት ነው።»

«እዚያ ያየሃቸው ወደቁ ወይስ አልወደቁም?»

«ወደቁ።»

«ከወደቁት አንዱ ሲነሣ አይተሃል?»

አሰብሁ። ሰባት ጊዜ ያየሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰብሁ። «አላየሁም» አልሁ።

«ይኸው» አሉ ሽማግሌው። አባቴ ግንባሩን ያዘ። አዋቂነቴ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸንጎ ተፈለገና ገመዱን በራሴ አንገት ላይ አጠበቀብኝ። የጠመንጃ ቃታ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ያን ጊዜ አያ ዓለሙ ተነሡ። ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ።

«ነገር አታብዙ» አሉ። «ይኸ ልጅ ወንድሜን እንደመታው እኔን ይምታኝ። ከአንድ እናት ነው የወጣን፣ አንገታችን አንድ ነው። ከወደቅሁ ደም ነው፣ ልጆቼ ሥራቸውን ያውቃሉ። ከቆምሁ ደም አይዶለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «በቀስታ ቢመታስ?» አለ። ወንጌል ይምጣ ተባለ። አባ እንየው ወንጌሉን ይዘው መጡ። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ባልሰነዝር ይፍረድብኝ ብዬ ማልሁ። እሳቸው «ልጄ…» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ምት አምሮልኝ እንዲታይ ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን አገሩ ሁሉ ተሰብስቦልኛል። የምጸልየው ግን ምቴ እንዳይሠራ ነው፤ ላለመሥራት ደግሞ መሐላዬ አይፈቅድልኝም። አባቴን አየሁት። እጁ ጋቢው ውስጥ ነው፤ ምን እንደያዘ አውቃለሁ።

እጄን አነሣሁ። ያኔ ግራ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ፊት ሄደ። ጉልበቴ ላላ፣ ተረከዜ ተነሣ፣ ወገቤ ዞረ። አያ ፈንታ ሞት አፋፍ ላይ ሁነው ያስተማሩኝ ሁሉ አንዱ እንኳ ሳይቀር መጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ድምፁ ወፎቹን ከዛፉ አስነሣ።

አያ ዓለሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉልበታቸው እጥፍ ሊል ጀመረ። የባዶ እግራቸው ጣቶች አፈሩን ሲጨብጡት አየሁ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ዓይናቸውን ከፈቱ። ልጆቻቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ይኸው ቆሜያለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። «ወንድሜን የገደለው ወባ ነው። ጠመንጃችሁን አውርዱ።»

ልጆቹ አወረዱ። አባ እንየው ወንጌሉን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። አባቴ አያ ዓለሙ እግር ላይ ወደቀ። የጨው ነጋዴው ደግሞ «አይ እጅ! አንድ ገበሬ እንኳ ያልነቀነቀች!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ታምኑኛላችሁ? ከሞት በወጣሁ በደቂቃው፣ ትንሽ ቅር አለኝ። እንዲያ ያለ ምት መትቼ ሰውዬው ሳይወድቁ መቅረታቸው አብግኖኝ ቤቴ ገባሁ። ለብዙ ቀን ግራ እግሬን የት እንዳጠፋሁት ሳሰላ ሰነበትሁ።

ከገና በፊት ባለው ገበያ ወረታ ወጣሁ። ከብት ተራው ውስጥ አያ ዓለሙ በሬ ሲገዙ አየኋቸው። አንድ ሰው ከጎናቸው «እንዴት ዋሉ አያ ዓለሙ?» ሲላቸው ራሳቸውን ሳይሆን መላ ሰውነታቸውን፣ ከእግራቸው ጀምረው፣ ዞሩ። ሌላው በወዲያ ሲጠራቸው እንደገና ከእግራቸው ዞሩ። ቀረብሁና ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

«ምነው አያ ዓለሙ፣ አንገትዎን ምን ነካዎ?»

«ብርድ ነው» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወንድሜ ሰባት ጀምሮ።» ዙሪያቸውን ማየት ስለማይችሉ ዝም ብለው ጆሯቸውን አቆሙ፤ የቀረበ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቼ አያውቁም። አንተም አታውቅ።»

እሳቸው ወደ በሬው ተመለሱ። ዕድሜውን ከጥርሱ ለማወቅ ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፤ አንገታቸው እምቢ አላቸው። ደግመው ሞከሩ። ጠጋ ብዬ የበሬውን ከንፈር ገለጥሁና፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ፊት ለፊት እያዩ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጠርሁላቸው።